የባለታሪኩ ወንበር

አንዲት ሴት ፍሪጅ ከፈተች።

ምንም የተለየ ነገር የለውም። ማክሰኞ ነው፣ ረፋድ ላይ ነው፣ ለምሳ ቲማቲም ልታወጣ ነው። በፍሪጁ በር መደርደሪያ ላይ የልጇ ሽሮፕ ቆሟል፤ ጉሮሮውን አሞት የታዘዘለት፣ "ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ" የተባለ። ቲማቲሙን ያዘች። ሽሮፑን አየች። እጇም እዚያው ቀረ። ልጇ "እማዬ፣ ዝጊው እንጂ" ቢላት አልሰማችውም።

ምን ሆና ነው? ቆዩ፣ እነግራችኋለሁ። የምነግራችሁ ግን እንድትፈሩ ነው። እኔ ይህን ታሪክ ከሰማሁ ወዲህ ፍሪጅ በከፈትኩ ቁጥር እፈራለሁ። እናንተም ብትፈሩ ደስ ይለኛል።

ሴትዮዋ ፈትለወርቅ ትባላለች። የምትኖረው ድሬዳዋ ነው። ድሬን የሚያውቅ አለ እዚህ? የሚያውቅ ሙቀቱን ያውቃል፣ ሰዉንም ያውቃል። ድሬ ላይ "አንቱ" ብሎ ነገር የለም። ሽማግሌውም አንተ ነው፣ ልጁም አንተ ነው። "አቦ፣ ና ቁጭ በል" ነው፣ ትከሻ መታ ማድረግ ነው። ዛሬ ያወቁትን ሰው አብሮ አደጋቸው ነው የሚያስመስሉት። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እፈልጋታለሁ።

ፈትለወርቅ የአንድ የንባብ ክበብ ሰብሳቢ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ይሰበሰቡና ስላነበቡት ልብ ወለድ ይወያያሉ። ያገኙትን ሁሉ አያነቡም ደግሞ። ንጉሥ ያለበት፣ ሰላይ ያለበት፣ ጀግና ያለበት መጽሐፍ እነሱ ዘንድ አይገባም። "እኛ የምናነበው ስለ ተራ ሰው ኑሮ ነው" ይላሉ፣ ኮራ ብለው። ስለ ልብስ ሰፊው፣ ስለ ጡረተኛው፣ ስለ ሻይ ቤት አስተናጋጇ። ማንም ዞር ብሎ ስለማያየው ሰው። እያነበቡም ያለቅሳሉ። እውነቴን ነው፣ መሐረብ ይዘው የሚመጡ አሉ።

መጥፎ ነገር ነው? ኧረ በጭራሽ። እኔ የሚያነብ ሰው እወዳለሁ። እዚህ መካከል ካለ መጽሐፍ ካላነበበ ብዙ ወር ያለፈው ሰው፣ እሱን ደግሞ ሌላ ቀን እንነጋገራለን።

ይህ ክበብ አንድ ልማድ ነበረው። ከክፍሉ መሐል አንድ ወንበር ያስቀምጣሉ፤ ስሙን "የባለታሪኩ ወንበር" ብለውታል። ከአባላቱ አንዱ እዚያ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ከተቀመጠ በኋላ ራሱ መሆኑ ቀረ፤ መጽሐፉ ውስጥ ያለውን ሰው ሆነ ማለት ነው። ሌሎቹ ይጠይቁታል፣ እሱ ባለታሪኩን ሆኖ ይመልሳል። "ሚስትህ ስትሞት ምን አልክ?" "ለምን ከወንድምህ ጋር ተጣላህ?" ልክ ከወንበሩ ሲነሳ ወደ ራሱ ይመለሳል። ጥሩ ጨዋታ ነው። ሰው በሰው ጫማ ገብቶ እንዲያስብ ያደርጋል። ግን ሰው እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ የራሱን ቢናገርስ? ማን ያውቅበታል?

የዚያን ሰሞን ያነበቡት መጽሐፍ ስለ አንድ የጨው መጋዘን ዘበኛ ነበር። ጥንት፣ መብራት ሳይገባ፣ በአንዲት ትንሽ የባቡር ጣቢያ ከተማ የኖረ። ሚስቱ ሞታበታለች፣ ልጅ የለውም፣ በኩራዝ ብቻውን ይኖራል። ከድመቱ በቀር የሚያናግረው የለም፤ ድመቲቱንም "ሻለቃ" ነው የሚላት። ሻለቃ እራት አልበላም ስትል ቅር ይለዋል። ክበቡ በሙሉ ወደደው።

ቅዳሜ ዕለት ወንበሩ ላይ የመቀመጥ ተራው የጋሽ ሰብስቤ ነበር።

ጋሽ ሰብስቤ ከአባላቱ ሁሉ በዕድሜ ትልቁ ናቸው። ድሬዎች አንተ ይበሏቸው፣ እኔ ግን አንቱ ብዬ ልቀጥል፣ አፌ እምቢ ይለኛል። ክበቡ ከተቋቋመ ጀምሮ ቀርተው አያውቁም። ጥቁር ጃንጥላቸውን ለፀሐይ ዘርግተው በእግራቸው ይመጣሉ፣ ሁልጊዜ መስኮቱ ሥር ይቀመጣሉ፣ ትንሽ ይናገራሉ፣ ሲያልቅ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ይሄዳሉ። ሁሉም ይወዳቸዋል። ሁሉም ሲገቡ ትከሻቸውን መታ ያደርጋቸዋል።

ተቀመጡ። ጥያቄው መጣላቸው። ስለ ድመቲቱ ተጠየቁ፣ መለሱ፣ ተሳቀ። ስለ ሟች ሚስቱ ተጠየቁ፣ መለሱ፣ መሐረቦቹ ወጡ። በመጨረሻ አንድ ሰው "ምንድን ነው የሚያስፈራህ?" ብሎ ጠየቃቸው።

ጋሽ ሰብስቤ ጉልበታቸውን በመዳፋቸው እያሹ እንዲህ አሉ።

"የስኳር መርፌዬ ጎረቤት ፍሪጅ ውስጥ ነበር የሚቀመጠው። ጎረቤቶቼ ቤት ለቀው ሄዱ። ሌላ በር ማንኳኳት አፈርኩ። በዚህ ሙቀት ደግሞ ውጪ አይቆይም። እና ተውኩት። የሚያስፈራኝ፣ በሬ ተዘግቶ ሲከርም ማንም ልብ እንዳይለው ነው።"

ወገኖቼ፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? አሁን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ለእናንተ አስቀድሜ ነግሬያችሁ የለ? ለእነሱ ግን የነገራቸው የለም። ክፍሉ ትንሽ ግራ ተጋባ። ፈትለወርቅ እንደ ሰብሳቢ ፈገግ አለችና "ጋሽ ሰብስቤ፣ በኩራዝ ዘመን ፍሪጅ ከየት መጣ? ከመጽሐፉ አንውጣ እንጂ" አለቻቸው።

ሳቁ። በክፋት አይደለም፣ በፍቅር ነው የሳቁት። ከጎኗ ኢክራም የምትባል ልጅ አለች፣ ፋርማሲስት ናት፣ ጎበዝ ናት። እሷ ደግሞ ጨመረችበት። በዚያ ዘመን በዚያች ከተማ የስኳር መርፌ የሚባል ነገር እንዳልነበረ፣ ሰው ስኳር ሲይዘው ምን ይደረግ እንደነበረ ሁሉ አብራራች። ጥሩ ማብራሪያ ነበር አሉ፤ ማስታወሻ የያዙም ነበሩ።

እሳቸውስ? "ልክ ናችሁ። ተሳሳትኩ" አሉ። ከወንበሩ ተነሱ። ወደ መስኮታቸው ተመለሱ። ሲያልቅ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ሄዱ።

አያችሁ? ሰውየው እርዳታ ጠየቁ፤ እርማት ተሰጣቸው። የፋርማሲ ባለሙያ አጠገባቸው ቁጭ ብላ፣ በዚያ ሁሉ ዕውቀቷ አረመቻቸው። አሁን እነዚህ ክፉ ሰዎች ናቸው? አይደሉም። እንደ እኔና እንደ እናንተ ናቸው። በያዙት ርዕስ ተጠምደው ነበር፣ ሌላ ምንም አይደለም።

እንግዲህ ማክሰኞ ረፋድ ፈትለወርቅ ፍሪጅ ከፍታ፣ ሽሮፑን አይታ፣ ያ ንግግር ድንገት መጣባት። ጋሽ ሰብስቤ እኮ መጽሐፍ አያሳስቱም። ሌላው ገጽ ሲዘል እሳቸው ናቸው የሚያስታውሱት። እሳቸው ኩራዙን ረስተው ፍሪጅ ይላሉ? ቲማቲሙን ጣለችው።

ስልካቸው ላይ ደወለች፣ ዝግ ነው። ደግማ ደወለች፣ ዝግ ነው። ኢክራም ጋ ደወለች።

"ኢክራም፣ ጋሽ ሰብስቤ ቅዳሜ ወንበሩ ላይ ያለው ነገር፣ የራሱ ይሆን እንዴ?"

 ፈትለወርቅ እንደነገረችኝ፣ ኢክራም ቀስ ብላ፣ መርፌውን ካቆመ አንዳንዱ ሰው ሰንበት እንደሚል፣ አንዳንዱ ግን ቀናትም እንደማይቆይ ነገረቻትና "መጣሁ" ብላ ዘጋች። ፋርማሲውን ለባልደረባዋ ትታ፣ ነጭ ጋውኗን እንኳ ሳታወልቅ ወጣች።

አሁን የቀረው ጥያቄ አንድ ነው። የጋሽ ሰብስቤ ቤት የት ነው?

ማንም አያውቅም።

እስቲ ይህን አስቡት። ፈትለወርቅ በክበቡ ቴሌግራም ላይ ጻፈች። አንዱ "በሳቢያን ሰፈር በኩል የሚመጣ ይመስለኛል" አለ። ሌላዋ "መምህር ነበር መሰለኝ" አለች። ሦስተኛው የሚያለቅስ ፊት ላከ። የአባታቸውን ስም የሚያውቅ ጠፋ። ልጅ ይኑራቸው አይኑራቸው የሚያውቅ ጠፋ።

የዘበኛው ቤትስ? እሱንማ ጠይቋቸው! ከጣቢያው ወርዳችሁ፣ መጋዘኑን አልፋችሁ፣ የደረቀው ወንዝ ዳር፣ በሩ ወደ ግራ ያዘነበለው። ካርታ ሥለው ግድግዳ ላይ ለጥፈውታል። የድመቱን ስም ያውቃሉ፣ የአያቱን ስም ያውቃሉ፣ በየትኛው ጎኑ እንደሚተኛ ያውቃሉ። ጭራሽ ያልተፈጠረ ሰው! አጠገባቸው ሲቀመጡ የኖሩትን ሰው ቤት ግን አያውቁም። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁን አሁን አምጡልኝ። አንተ ተባብለዋል፣ ትከሻ ተመታተዋል፣ አቦ ተባብለዋል። ያ ሁሉ መቀራረብ አንድ ቤት እንኳ አላደረሳቸውም። እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር አዝናለሁ፣ ደግሞም እናደዳለሁ፣ በማን ላይ እንደምናደድ ግን አላውቅም።

ባጃጅ ይዘው ሳቢያን ገቡ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። በየሱቁ እየወረዱ "ሰብስቤ የሚባል ጡረተኛ መምህር ታውቃላችሁ?" ይላሉ። ፈትለወርቅ በአማርኛ ትጠይቃለች፣ ኢክራም በኦሮምኛና በሶማሊኛ ትጠይቃለች። የሚያውቅ የለም። ወደ ሌላ መንደር፣ የለም። አንዱ "የማን ልጅ?" ይላቸዋል፣ አያውቁም። ሌላው "ቁመቱ እንዴት ነው?" ይላቸዋል፣ ረጅም ትላለች አንዷ፣ መካከለኛ ትላለች ሌላዋ። ኢክራም በየመሐሉ ስልኳን አውጥታ ሰዓት ታያለች። ፈትለወርቅ ሰዓት አታይም፣ "ጌታ ሆይ፣ ጌታ ሆይ" ትላለች።

በመጨረሻ አንዲት አትክልት ሻጭ ዘንድ ደረሱ። ሴትዮዋ ሽንኩርት እየመረጠች "መምህር ሰብስቤ አላውቅም" አለች። ኢክራም ተስፋ ቆርጣ ዘወር ስትል፣ ፈትለወርቅ "ጥቁር ጃንጥላ ይይዛል" አለቻት።

"ጃንጥላ? መካኒኩን ነዋ የምትሉት! የፋብሪካ መካኒክ ነበር እንጂ መቼ መምህር ሆነ? ያው፣ ከዚህ ሦስተኛው አጥር። ሰሞኑን ግን አላየሁትም።"

መምህር ያደረጓቸው እነሱው ናቸው። መጽሐፍ ስለሚወዱ መምህር ናቸው ብለው ራሳቸው ወሰኑ፤ ጠይቀዋቸው አያውቁም። በዚያች ግምት ምክንያት ያን ሁሉ መንደር በከንቱ ዞሩ።

የቆርቆሮውን በር አንኳኩ። መልስ የለም። ጮኹ። መልስ የለም። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ከውስጥ መቀርቀሩ ደግሞ ሰውየው እቤት ናቸው ማለት ነው። ጩኸቱን ሰምታ ከጎን ግቢ አንዲት ሴት ወጣች፣ ገና መግባታቸው ነው፣ አዲስ ተከራዮች ናቸው። ሽማግሌው ይኑሩ አይኑሩ አታውቅም፤ "ገና ከሰው አልተዋወቅንም" አለች። ባለባጃጁ አጥር ዘሎ ከፈተላቸው።

ጋሽ ሰብስቤ ከአልጋቸው ሥር ወድቀው አገኟቸው። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል፣ ትንፋሻቸው ከሩቅ ይሰማል፣ ሲጠሯቸው ዓይናቸውን አይገልጡም። መስኮቱ ሥር ውኃ የሞላ እንስራ አለ፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው መርፌያቸውን ለማቀዝቀዝ ሲታገሉ ነበር። የድሬ ሙቀት አሸነፋቸው፣ መድኃኒቱ ተበላሸ።

ያቺ አዲሷ ጎረቤት ነገሩ ሲገባት ምን እንዳለች ታውቃላችሁ? ራሷን ይዛ "ምነው በጠየቀኝ፣ የኔ ፍሪጅ እኮ ግማሹ ባዶ ነው" አለች። አንድ ግድግዳ ነው በመካከላቸው ያለው። አንድ ግድግዳ።

በባጃጅ ሆስፒታል ወሰዷቸው። ኢክራም መንገዱን ሙሉ ጭንቅላታቸውን ደረቷ ላይ ይዛ ስማቸውን ትጠራ ነበር፣ እንዳይሄዱባት።

ዳኑ ወይ? አያችሁ፣ አሁን ጨነቃችሁ። ቅዳሜ ዕለትም እነሱ እንዲሁ መጨነቅ ነበረባቸው።

ተረፉ፤ ለጥቂት። ሐኪሙ "እስከ ማታ ብትቆዩ ኖሮ" ብሎ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ሄደ። ጋሽ ሰብስቤ ነፍስ ዘርተው ሰው መለየት ሲጀምሩ፣ ሁለቱ ሴቶች አልጋቸው አጠገብ ነበሩ። ኢክራም አለቀሰች። ለዘበኛው ካለቀሰችው ለየት ያለ ልቅሶ ነው፣ መሐረብም አልያዘችም። "ጋሽ ሰብስቤ፣ ምነው ሳትነግረን?" አለቻቸው።

ሽማግሌው በደከመ ድምፅ፣ ቅሬታ እንኳ ሳይኖራቸው፣ እንዲህ አሉ።

"ነገርኳችሁ እኮ። ፍሪጅ የለም አላችሁኝ።"

ፍሪጅ የለም አላችሁኝ! እኔ ይህን ቃል ይዤ ስንት ጊዜ እንደተገላበጥኩ እግዚአብሔር ያውቃል። ዛሬ መድኃኒታቸው በዚያች አዲሷ ጎረቤት ፍሪጅ ውስጥ ነው፣ ደህና ናቸው፣ ቅዳሜም ይመጣሉ። ግን ያ ቃል አይለቀኝም።

ወገኖቼ፣ ጋሽ ሰብስቤ ለምን በራሳቸው ወንበር ሆነው አልተናገሩም? አፍረው ነዋ። መስኮቱ ሥር ካለው ወንበራቸው ሆነው "አግዙኝ" ማለት አፈሩ። በባለታሪኩ ወንበር ላይ ግን ደፈሩ። ሰው እንደዚህ ነው። የጨነቀው ሰው ጭንቀቱን ፊት ለፊት አያመጣውም። በቀልድ ያመጣዋል። በሰው ስም ያመጣዋል። "አንድ ጓደኛ አለኝ፣ ትዳሩ ሊፈርስ ነው" ይላችኋል። ጓደኛው ማን ነው? "ለአንድ ዘመዴ ጸልዩለት፣ መጠጥ አሸንፎታል" ይላችኋል። ዘመዱ ማን ነው? ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

እኛስ ምን እንላለን? "ወንድሜ፣ ዛሬ ፕሮግራሙ የምስጋና ነው፣ ከፕሮግራሙ አንውጣ።" "እህቴ፣ ሰዓት አልቋል፣ አሳጥሪው።" ጥቅስ ሲያሳስት እናርመዋለን። አንዱን ቃል ከሌላው ቢያምታታ እናርመዋለን። እኛ እያረምነው እሱ "ልክ ናችሁ፣ ተሳሳትኩ" ብሎ ጃንጥላውን ይዞ ይወጣል። በሩ ሲዘጋ ልብ የሚል አለ?

እግዚአብሔር ከሁለቱ የመጀመሪያ ወንድማማቾች አንዱን ሲያናግር፣ ስለ መሥዋዕቱ አሠራር አልጠየቀውም። ወንድሙ የት እንዳለ ነው የጠየቀው። የት እንዳለ! ዛሬም ይህንኑ ነው የሚጠይቀን። ስለ ደጉ ሰው ስንሰብክ፣ ስለ መበለቲቱ ስንዘምር፣ ስለ ድሀው ስናለቅስ እሱ ይሰማል። ሰምቶ ሲያበቃ አድራሻ ይጠይቀናል።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ ነው፣ እየቀለድኩ አይደለም።

እዚያ፣ ከኋላ፣ ከምሰሶው አጠገብ ያለውን ባዶ ወንበር ተመልከቱ። ዞር በሉና እዩት። ሰማያዊ ሹራብ የሚለብሱት፣ ሁላችሁም "እማማ ወለላ" እያላችሁ ጉንጫቸውን የምትስሟቸው እናት ናቸው እዚያ የሚቀመጡት። መጨረሻ የመጡ ዕለት የጸሎት ርዕስ ሰጥተውን ነበር፤ ታስታውሳላችሁ? ለአንዲት ጎረቤቴ ጸልዩላት አሉ። ዓይኗ እየደከመ ነው፣ መንገድ መሻገር ፈርታለች፣ ምግቧን ማብሰልም እየተሳናት ነው አሉ። እኛም ለጎረቤቲቱ ጸለይን። አሜን አልን፣ ወደሚቀጥለው ርዕስ አለፍን።

ከዚያ ወዲህ እማማ ወለላ አልመጡም።

ጠዋት የቤተ ክርስቲያናችንን ሽማግሌዎች ጠየቅኩ፤ ቤታቸውን የሚያውቅ የለም። አገልጋዮቹን ጠየቅኩ፤ የለም። አሁን ደግሞ እናንተን እጠይቃለሁ። የእማማ ወለላን ቤት የሚያውቅ እጁን ያውጣ።

አንድም ሰው የለም?

እንግዲያው መዝሙሩ ይቆየን። ተነሱ፣ እንፈልጋቸው።